ገንዘቡ በእጅ፤ ባለቤቱ በደጅ

ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ስላለበት ሠራተኛ በተነጋገርን ቍጥር አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከእርሱ ቀጥሎ መምጣት የሚገባው፣ ሆኖም ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚቀር ሌላ ጥያቄ አለ። ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ሐኪሙን ከአሠሪው፣ አሠሪውን ከጡረታው መሥሪያ ቤት፣ የጡረታውን መሥሪያ ቤት ከሥራ አገናኙ ጋር እያነጋገረ ጉዳዩን ከዳር የሚያደርሰው ማን ነው? መልሳችን «ሕመምተኛው ራሱ ነዋ!» ከሆነ በበሽታው ላይ ሁለተኛ ሥራ ጨመርንበት ማለት ነው። ያውም ደመወዝ የሌለው ሥራ።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ለሕመምተኛ ሠራተኛ የሚሰጥ ገንዘብ በሚገባ የሚጠቅመው፣ ጉዳዩን የሚያቀናጅ ሰው በሕግ ተለይቶ ሲሰየምለትና የአቀናጁም ዋጋ ከዚያው ገንዘብ ላይ ሳይቀነስ ለብቻው ሲከፈል ነው። ይህ ካልሆነ ገንዘቡ በእጅ፣ ባለቤቱ በደጅ ይሆናል። ይህንንም ለማስረዳት፣ ነገሩ በሕግ ሩቅ ወደ ሄደበት ወደ ጀርመን አገር አንባቢዎቼን ልወስድ ነው። የውጭ አገር ነገር ሁሉ ይቀዳ ለማለት አይደለም፤ ከሌላው ድካም መማር ራስ ደክሞ ከመማር ስለሚረክስ ነው። ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ ያገራችንን ግን በዓመተ ምሕረት እጽፋለሁ።

በጀርመን አገር ቀድሞ የነበረው ልማድ እንዲህ ነው። ሠራተኛው ሲታመም መሥሪያ ቤቱ አንድ ድርጅት ይመርጥለታል፤ ለድርጅቱም ይከፍላል፤ ሕመምተኛውም የተሰጠውን ይቀበላል። ማን እንደሚረዳውና በስንት ሰዓት እንደሚረዳው የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር። በ2001 የማኅበራዊ ሕግ ዘጠነኛው መጽሐፍ ሲወጣ «የግል በጀት» የሚባል አዲስ መንገድ ተከፈተ። በዚህ መንገድ ሕመምተኛው ወይም አካል ጉዳተኛው አገልግሎቱን በዓይነት ከመቀበል ይልቅ ዋጋውን በገንዘብ ይቀበልና የሚረዳውን ሰው ራሱ ይመርጣል፤ ራሱ ይቀጥራል፤ ካልተስማማውም ራሱ ያሰናብታል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ በመሥሪያ ቤቶቹ ፈቃድ የሚወሰን ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ ግን አገልግሎቱ የሚገባው ሰው ከጠየቀ የማይነፈገው መብት ሆነ። ከ2018 ወዲህ ድንጋጌው በዚያው መጽሐፍ ክፍል 29 ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ተረጂ ይባል የነበረው ሰው መራጭ ሆነ። ነገር ግን መራጭ መሆን የሚጠይቀውን ድካም ደግሞ እንመልከት።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አለች እንበል። ዕድሜዋ አርባ ዓመት ነው። በሽታዋ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ ይኸውም ነርቭን የሚጎዳ፣ አንድ ሰሞን ጤነኛ አስመስሎ በሌላው ሰሞን ጣትን የሚያደነዝዝና እግርን የሚያስር በሽታ ነው። አእምሮዋ እንደ ጥንቱ ነው፤ ሒሳብ አትስትም። ሥራዋን ይዛ ለመኖር የሚያስፈልጓት አራት ነገሮች ናቸው። እነርሱም ከፍና ዝቅ የሚል ጠረጴዛ፣ ከቤት ወደ ሥራ የሚያደርሳት መጓጓዣ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት መዝገብ የሚያነሣላትና እጇ ሲደክም የሚጽፍላት የሥራ ረዳት፣ እንዲሁም ጡንቻዋን የሚያፍታታ ሕክምና ናቸው።

አሁን ከፋዮቹን እንቍጠር። ጠረጴዛውንና መጓጓዣውን የሚመለከተው፣ የ15 ዓመት የጡረታ መዋጮ ከሞላላት የጡረታ መድኑ ነው፤ ካልሞላላት አብዛኛውን ጊዜ የፌዴራሉ የሥራ መሥሪያ ቤት ነው። በከባድ አካል ጉዳተኝነት ከተመዘገበች፣ ሥራዋን እንዳታጣ የሚቀጠርላትን ረዳት ዋጋ የሚችለው የከባድ አካል ጉዳተኞችን ሥራ የሚጠብቅ ሌላ ጽሕፈት ቤት ነው። ሕክምናውን የሚከፍለው የሕመም መድኑ ነው። ነገሩ በሽታ ሳይሆን በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ኃላፊው የአደጋ መድኑ ይሆን ነበር። እንግዲህ ሰውየዋ አንድ፣ በሽታዋም አንድ ሆኖ ሳለ ካዝናው ሦስት ነው። እያንዳንዱም ካዝና የራሱ ቅጽ፣ የራሱ መመዘኛና የራሱ መዝገብ ቤት አለው።

የጀርመን ሕግ አውጭዎች ይህ አልተሰወረባቸውም። በሕጉ ክፍል 14 መሠረት፣ ማመልከቻ የቀረበለት መሥሪያ ቤት ጉዳዩ የሚመለከተው መሆን አለመሆኑን በሁለት ሳምንት ውስጥ መወሰን አለበት። አይመለከተኝም ካለ ማመልከቻውን ራሱ ወደሚመለከተው ያስተላልፈዋል እንጂ ባለጉዳዩን «ሂድና እዚያ ጠይቅ» ብሎ አያሰናብተውም። ሁለቱን ሳምንት ዝም ብሎ ካሳለፈ ጉዳዩ የእርሱ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ከፋዮች በሚኖሩበት ጊዜም አንዱ መሥሪያ ቤት ኃላፊነቱን ወስዶ የሌሎቹን አስተያየት ይሰበስባል፤ ወጪውን በኋላ እርስ በርሳቸው ይተሳሰቡበታል። በጀቱን በሚመለከት ከባለጉዳዩ ጋር የስምምነት ጽሑፍ ይፈራረማሉ። በጽሑፉም ላይ የታሰበው ዓላማ፣ ገንዘቡ በተገቢው ነገር ላይ መዋሉ የሚታወቅበት ማስረጃ፣ የአገልግሎቱ ጥራት የሚጠበቅበት መንገድና የገንዘቡ ልክ ይሰፍራል።

ሕግ ሁልጊዜ እንደ ተጻፈ ይፈጸማል ብዬ አልከራከርም። ቢሆንም «ነገ ተመለስ» የሚባለው ነገር የቀን ገደብ ሲበጅለት፣ «አይመለከተኝም» የሚል ሹምም ማመልከቻውን ራሱ ተሸክሞ እንዲሄድ ሲገደድ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

ጉድለቱ የሚገኘው በሌላው ወገን ነው። ሕጉ በመሥሪያ ቤቶቹ በኩል አቀናጅ ሲሰይም፣ በሕመምተኛዋ በኩል ያለውን ሥራ ግን አብዛኛውን ለራሷ ተወላት። ያች የሒሳብ ሠራተኛ ገንዘቡ እጇ ሲገባ ረዳት ትቀጥራለች፤ ስትቀጥርም አሠሪ ትሆናለች። የሥራ ውል ትጽፋለች፤ የረዳቷን የማኅበራዊ መድን መዋጮ ታስገባለች፤ ለአደጋ መድን ታስመዘግባታለች፤ የዓመት ፈቃድ ትሰጣታለች። ረዳቷ የታመመች እንደ ሆነ ደመወዟን እየከፈለች ምትክ ትፈልጋለች። ደረሰኝ ሰብስባ ሒሳብ ታቀርባለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው በደኅናዋ ሰሞን ብቻ አይደለም፤ ጣቶቿ በደነዘዙበት ሰሞንም ነው። በዚያ ላይ ደመወዝ የሚከፈላት የራሷ ሥራ ይጠብቃታል።

ሕጉ ይህንንም ፈጽሞ አልዘነጋም፤ ግን ራሱን በራሱ አሰረ። ክፍል 29 የበጀቱ ልክ የሰውየውን ፍላጎት የሚሸፍንና አስፈላጊውን ምክርና ድጋፍ የሚያስገኝ እንዲሆን ይላል። ወዲያው ደግሞ ጠቅላላው በጀት፣ አገልግሎቱ ያለ በጀት ቢሰጥ ኖሮ ከሚወጣው ወጪ መብለጥ እንደማይገባው ይናገራል። እንግዲህ በጀቱ ከጣሪያው ከደረሰ የአቀናጁ ዋጋ ከየት ይምጣ? ከረዳቷ ሰዓት ላይ ይቀነሳላ! በሳምንት አሥር ሰዓት ረዳት የሚያስፈልጋት ሴት ሁለቱን ሰዓት ሸጣ ደመወዝ የሚያሰላላት ሰው ትገዛለች ማለት ነው። ወይም ሁለቱን ሰዓት ላለመሸጥ ስትል ሌሊት ተቀምጣ ራሷ ታሰላለች። ወይም ደግሞ «ይቅርብኝ፤ የተሰጠኝን እቀበላለሁ» ትላለች። መብቱ በሕግ ላይ እንደ ተጻፈ ይኖራል፤ የሚጠቀምበት ግን ጉልበት ያለው ብቻ ይሆናል። ሕጉ የወጣው ጉልበት ላነሰው አልነበረምን?

እውነት ለመናገር በ2018 አንድ መልካም ነገር ተጨምሯል። ከዚያ በፊት ምክር የሚሰጡት ከፋዮቹ ራሳቸው በጋራ ያቋቋሟቸው ጣቢያዎች ነበሩ። ከፋይ አማካሪ ሲሆን ምክሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ለአንባቢ መንገር አያሻም። በእነርሱ ፋንታ ከከፋዮችም ከአገልግሎት ሰጪዎችም ነጻ የሆኑ የምክር ጣቢያዎች በመንግሥት ገንዘብ ተቋቋሙ፤ በብዙዎቹም ውስጥ የሚያማክሩት ራሳቸው አካል ጉዳተኞች ወይም ሕመምን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ይህ እጅግ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ምክር ሌላ፣ ሥራ ሌላ። አማካሪው መንገዱን ያሳያል፤ የወሩን የደመወዝ ወረቀት ግን አይሠራም፤ ክርክር ቢነሣም በጠበቃነት አይቆምም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ።

አንደኛው ተቃውሞ «ለአቀናጅ ደመወዝ መክፈል ለሕመምተኛው የታሰበውን ገንዘብ ለጸሐፊ ማብላት ነው፤ ለሌባም በር ይከፍታል» የሚል ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ኔዘርላንድ የግል በጀትን በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀመረች። የዚያ አገር በጀት ይበልጡን ለእንክብካቤ እንጂ ለሥራ ባይሆንም ታሪኩ ለኛ ነገር ይጠቅመናል። አንዳንድ አገናኝ ድርጅቶች የሕመምተኞችን ገንዘብ በእጃቸው ይዘው ማጭበርበራቸው ተደረሰበት። ከ2015 ጀምሮ ገንዘቡ ወደ ባለበጀቱ ሒሳብ መግባቱ ቀርቶ «የማኅበራዊ መድን ባንክ» የተባለው የመንግሥት ድርጅት እንዲይዘውና ለረዳቶቹ በቀጥታ እንዲከፍል ተደረገ። ምን ይሆናል? ድርጅቱ በዚያ ዓመት መጀመሪያ የሥራው ብዛት አሸነፈውና ብዙ ረዳቶች ደመወዛቸውን በጊዜው ሳያገኙ ሰነበቱ። በመጀመሪያው ዘመን ሕመምተኛውን የጎዳው፣ አቀናጁና ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው መሆናቸው ነው። በሁለተኛው ዘመን የጎዳው ደግሞ ቍጥጥሩ ከክፍያው መቅደሙ ነው። ከዚህ የምንማረው አቀናጅ አያስፈልግም ብለን አይደለም፤ አቀናጁ ይኑር፣ ቦርሳውን ግን አይያዝ ብለን ነው።

ይህን ጥበብ ደግሞ ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም፤ በየሰፈራችን አለ። በእድር ውስጥ ዳኛው ያዛል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ገንዘብ ያዡ ይከፍላል፣ ጡሩንባ ነፊው ይጠራል። አዛዡና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐዘንተኛውን «ድንኳኑን ራስህ ተሸክመህ አምጣ፤ ወንበሩን ራስህ ቍጠር» የሚለው የለም። በዚያን ቀን ጉልበት እንደሌለው ሁሉም ያውቃልና ሥራው ከእርሱ ላይ ይነሣለታል። የእድራችን ሊቃውንት ለሐዘን ቀን ያወቁትን፣ እኛ የተማርነው ለሕመም ዘመን እንዴት አቃተን?

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው፤ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ነው። እስቲ የራሳችንን ሕጎች እናንሣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቍጥር 568 አሠሪው የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻች፣ ሥራውንም ለመሥራት ረዳት እንዲመድብ ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጸደቀች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ሰጠ፤ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወሮች በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ።

ስለዚህ የጎደለን በጎ ሐሳብ አይደለም። ረዳት እንዲመደብ በ2000 ዓ.ም. ያልን ሰዎች ነን። የጎደለን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዋጁ የረዳቱን ዋጋ በአንድ አሠሪ ትከሻ ላይ አኖረው እንጂ ሁሉም የሚያዋጣበት ሣጥን አላበጀም። አሠሪው ወጪው ከአቅሜ በላይ ነው ለማለትም በር አለው፤ ከዚያም በላይ ሳይቀጥር ይቀራል፤ ለምን አልቀጠርክም ብሎ የሚጠይቀውም አይኖርም። በጀርመን 20 ወይም ከዚያ በላይ የሥራ ቦታ ያለው አሠሪ ከመቶ አምስቱን ለከባድ አካል ጉዳተኞች መስጠት አለበት፤ ያላሟላ ይከፍላል፤ ከዚያም ከተጠራቀመው ገንዘብ የሥራ ረዳት ይከፈላል። የሚቀጥረው ብቻውን አይጎዳም፤ የማይቀጥረውም በነጻ አያመልጥም።

ሁለተኛ፣ በስድስቱ የሕመም ወሮች ውስጥ ሐኪሙንና አሠሪውን ለማነጋገር ስሙ የተጠራ ሰው የለም። የሕመም ፈቃዱን የሚደነግጉት አንቀጾች የሐኪም ማስረጃን ይጠይቃሉ፤ ደመወዙን ይመትራሉ። «ይህ ሰው ግማሽ ቀን ቢሠራ ይችላል ወይ? ወንበሩ ቢለወጥ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ቢወርድ ይመለሳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን አልሰየሙም። ሠራተኛው ራሱ ይጠይቅ እንዳንል፣ ጥያቄው ሥራውን እንዳያሳጣው ይፈራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ነገር ግን የኩላሊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሠራተኛ በሽታውን የሚደብቀው መድኃኒት ጠልቶ አይደለም። የሚነግረው ሰውና የሚያሰናብተው ሰው አንድ ስለሆኑበት ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆም ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል።

ድሀ አገር ነን ለሚሉት ወንድሞቼ መልሴ ይህ ነው። ገንዘብ ሲያንስ መቀናጀት ቅንጦት አይሆንም፤ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ። ብዙ ያለው አገር ከአንዱ ካዝና የጎደለውን ከሌላው ይሞላ ይሆናል። ጥቂት ያለው ግን ያችን ጥቂት በደጅ ጥናት፣ በትራንስፖርትና በፎቶ ኮፒ ካስጨረሳት ምን ተረፈው? «በሁለት ሳምንት መልስ ስጥ፤ ካልተመለከተህ ራስህ አስተላልፍ» የሚለው ድንጋጌ ዩሮ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሹሙን ፈቃድና የሚቈጣጠረውን ሰው ነው።

ስለዚህ ስለ ግል በጀት በምንከራከርበት ጊዜ ሁሉ ሦስት ነገሮች አብረው እንዲጠየቁ አሳስባለሁ።

፩ኛ፤ በመንግሥት በኩል አንድ ኃላፊ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ቅጽና የታወቀ የቀን ገደብ ይኑር። ማመልከቻው ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይሂድ፤ ሰውየው ግን አይሂድ።

፪ኛ፤ በሕመምተኛው በኩል ራሱ የሚመርጠውና ሲፈልግ የሚለውጠው አቀናጅ ይኑር። የአቀናጁ ዋጋ ከበጀቱ ጣሪያ ውጭ ለብቻው ይከፈል፤ ገንዘብ መያዝ ግን አይፈቀድለት። ሁሉን ነገር ራሴ እሠራለሁ የሚል ሕመምተኛም አይከልከል፤ መብቱ መጀመሪያውኑ የእርሱ ነውና።

፫ኛ፤ የሥራ ረዳትና የሥራ መሣሪያ ዋጋ በአንድ አሠሪ ላይ ብቻ አይውደቅ። የሚቀጥሩትም የማይቀጥሩትም የሚያዋጡበት ሣጥን ይኑር።

ይህን ጉዳይ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ዓይነ ስውር ሆነው በሰው ንባብ የሚማሩ፣ መስማት ተስኗቸው በምልክት ቋንቋ የሚማሩ፣ በየሳምንቱ ከሐኪም ቤት ወደ ክፍል የሚመላለሱ ጓደኞች አሉን። እዚህ ሳሉ አንባቢ ጓደኛ አያጡም፤ ፈተናም ሲደርስ መምህሩን የሚያነጋግርላቸው ይገኛል። በምረቃው ማግስት ግን ይህ ሁሉ ያበቃል። ያን ጊዜ ሁላችንም እኩል ዲግሪ ይዘን እንወጣለን፤ የሚጠብቀን ደጅ ግን እኩል አይደለም።

ማኅበራችን ሕግ ማውጣት አይችልም፤ ምሳሌ መሆን ግን ይችላል። የሕግ ተማሪዎች አዋጆቹን ያውቃሉ፤ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ሰውን መስማት ይማራሉ፤ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች ደረሰኝ ማሰናዳት አይከብዳቸውም። ከሦስቱ ክፍሎች የተውጣጣ አነስተኛ ኮሚቴ ይቋቋም። ድጋፍ ለሚፈልግ ለእያንዳንዱ ተማሪ ስሙ የታወቀ አንድ አቀናጅ ይስጥ። ጥያቄው በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቱን ከዲን ቢሮ ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚያደርሰው አቀናጁ ይሁን፤ በሁለት ሳምንትም መልስ ይገኝ። ተመራቂዎች ሥራ ሲይዙ ኮሚቴው ስለ አዋጅ ቍጥር 568 ለአሠሪያቸው የሚያስረዳ ደብዳቤ ያዘጋጅላቸው። ክቡራን መምህራኖቻችንም ሥራውን እንደ ተግባራዊ ትምህርት ቈጥረው ቢመሩልን ደካማው ጓደኛችን ይጠቀማል፤ እኛም ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር እንማራለን።

ከዚህ ጊቢ የሚወጡት ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ኋላ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። አንዱ የጡረታውን መዝገብ ይይዛል፤ አንዱ በሆስፒታል ማስረጃ ይፈርማል፤ አንዱ በፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ይሆናል፤ አንዱም በጀት ያጸድቃል። ማመልከቻውን ይዞ በፊታችን የሚቆመውን ሰው «ይህ የማን ጉዳይ ነው?» ብለን ከመመለስ ይልቅ «የኔ ነው፤ ተቀመጥ» ማለትን ከዛሬ ጀምረን እንልመድ።